ሆስፒታሉ አለ፤ ሌሊት ማን አለ?

የዚህ ዕትም የጥያቄና መልስ ዓምድ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተሰጥቷል። ባለፉት ሳምንታት የደረሱን ደብዳቤዎች የተጻፉበት ቦታና ጸሐፊዎቻቸው ቢለያዩም፣ አብዛኞቹ የሚያነሡት በመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠውን የወሊድ አገልግሎት ነው፤ ይበልጡንም አገልግሎቱ አለ በተባለበት ቦታ አገልግሎቱን የሚሰጠው ሰው ስለ መታጣቱ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹንና የተቋማቱን ስም ትተን እናቀርባቸዋለን።

ጥያቄ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስታምጥ በወረዳችን ወዳለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ወሰድኳት። የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር፤ አዋላጇም ተቀብላ በደንብ ተከታተለቻት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ምጡ አልገፋም፣ የልጁም የልብ ምት እየቀነሰ ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተባልን። ኦፕራሲዮን የሚሠራው ባለሙያ ግቢው ውስጥ ነበር። ሰመመን የሚሰጠው ግን የዓመት ፈቃድ ወጥቷል፣ ሌላ የለም አሉን። በአምቡላንስ ወደ ዞኑ ሆስፒታል ሁለት ሰዓት ከሩብ ተጓዝን። ባለቤቴ ተርፋለች፤ ልጃችን ግን ሦስት ቀን ብቻ ኖሮ ዐረፈ። የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ተሠርቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ባለሙያው ቆሞ ሳለ፣ አንድ ሰው በመጥፋቱ ብቻ እንዴት ሁሉም ነገር ይቆማል? እንዲህ ያለውስ ሆስፒታል ይባላል?
*አባት፣ ከሰሜን ሸዋ*

መልስ

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎንና ባለቤትዎን እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የደረሰባችሁ ነገር በአንድ መልስ የሚቀል አይደለም፤ ነገር ግን የጠየቁት ጥያቄ በዚህ ጉዳይ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ዋናው ጥያቄ በመሆኑ ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው እሞክራለሁ።

ለወላድ የሚሰጥ ድንገተኛ ሕክምና ሁለት ደረጃ አለው። መሠረታዊ የሚባለው በጤና ጣቢያ ጭምር ሊሰጥ የሚገባው ሲሆን፣ በመርፌ የሚሰጡ የኢንፌክሽን መድኃኒቶችን፣ ማህፀን እንዲኮማተርና ደም እንዲቆም የሚያደርገውን መድኃኒት፣ በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ የሚሰጠውን ማግኒዥየም ሰልፌት፣ አልወጣ ያለ የእንግዴ ልጅን በእጅ ማውጣትን፣ በማህፀን የቀረውን ማጽዳትን፣ በመሣሪያ ማዋለድንና መተንፈስ ላቃተው ሕፃን ትንፋሽ መስጠትን ያጠቃልላል። የተሟላ የሚባለው በእነዚህ በሰባቱ ላይ ኦፕራሲዮንንና ደም መስጠትን ይጨምራል። በዓለም አቀፉ መለኪያ ለ500,000 ሕዝብ እንዲህ ያለውን ሕክምና የሚሰጡ ቢያንስ አምስት ተቋማት ያስፈልጋሉ፤ ከአምስቱም ቢያንስ አንዱ የተሟላ አገልግሎት የሚሰጥ መሆን አለበት። ነገር ግን አንድ ተቋም በዚህ መለኪያ ለመቆጠር ካለፉት 3 ወራት ውስጥ እያንዳንዱን ሕክምና አንድ ጊዜ ሰጥቶ መገኘቱ ይበቃዋል። መለኪያው ተቋማትን ይቆጥራል እንጂ ሌሊቶችን አይቆጥርም። የእርስዎ ባለቤት የሄደችበት ሆስፒታል በመዝገብ ላይ የተሟላ አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ሌሊት ግን አልነበረም።

አንድ ኦፕራሲዮን እንዲሠራ የሚቀድደው ባለሙያ፣ ሰመመን የሚሰጠው፣ መሣሪያ የሚያቀብለው ነርስ፣ ከውጭ ሆኖ የሚያግዝ ሌላ ነርስ፣ ሕፃኑን የሚቀበል አዋላጅ፣ ደም የሚያመሳስል የላቦራቶሪ ባለሙያ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ መገኘት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል አገልግሎቱ በስድስተኛ እጅ የሚቀንስ ሳይሆን ጨርሶ የሚቆም ነው። አሁን ሒሳቡን እንየው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ ደግሞ በሳምንት 39 ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድን የሥራ ቦታ ቀንም ሌሊትም፣ እሑድም በዓልም ሳይቋረጥ ለመሸፈን ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል፤ የዓመት ፈቃድ፣ ሕመም፣ ሥልጠናና የወሊድ ፈቃድ ሲታሰብበት አምስት ይሆናል። አንድ ሰመመን ሰጪ ብቻ ያለው ሆስፒታል በመደበኛ ሰዓት የሚሸፍነው ከሳምንቱ ሩብ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ያ ሰው በትርፍ ሰዓት፣ ከእንቅልፉ እየተቀሰቀሰ ይሸፍነዋል። አንድ ኦፕራሲዮን የሚሠራና አንድ ሰመመን የሚሰጥ ብቻ ባሉበት ቦታ፣ ሁለቱም በየአራት ሌሊቱ አንዷን ሌሊት ቢያርፉና የዕረፍት ሌሊታቸው ባይገጥም፣ ሆስፒታሉ ከአራት ሌሊት ሁለቱን ያለ ኦፕራሲዮን ያድራል። እያንዳንዳቸው ሥራቸውን በሚገባ እየሠሩ ይህ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ምንም አልተደረገም ማለት ግን ትክክል አይሆንም። የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ተሰባስበው በመቅረታቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ለሦስት ዓመት ሠልጥነው ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና፣ በተለይም ለወላዶች፣ እንዲሠሩ ተደርጓል። ዛሬ በብዙ ወረዳ ከተሞች እናት በኦፕራሲዮን ስትገላገል ቢላዋውን የያዘው እጅ የእነዚህ ባለሙያዎች ነው፤ ውለታቸውም ከሚነገርላቸው በላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቶ፣ በ2008ቱ ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 412 የወረደው ከብዙ ሰዎች ድካም ጋር በእነዚህም ድካም ነው። ይሁን እንጂ ቀዳጁ ሲሠለጥን ሰመመን ሰጪው በዚያው ልክ ካልሠለጠነና ካልተመደበ፣ የተመደበውም የሚያድርበት ቤት፣ በወቅቱ የሚከፈለው የተረኝነት ክፍያና የሚተካው ሰው ካላገኘ፣ ቀዳጁ እጁን አጣጥፎ ይቆማል።

እንግዲህ «ይህስ ሆስፒታል ይባላል?» ላሉት የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ባለሙያ በሌለበት ሌሊት ለምታምጥ እናት ሆስፒታል አይደለም፣ ይህንንም በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሰመመን ሰጪው ፈቃድ መውጣቱ አይደለም፤ ፈቃድ መብቱ ነው። የሚያሳዝነኝ ፈቃዱ ከሳምንታት በፊት ተጠይቆ፣ ተፈርሞ፣ ቀኑ ታውቆ እያለ፣ ከአጎራባች ሆስፒታል ተተኪ አለመምጣቱና፣ ተተኪ ካልተገኘም በእነዚያ ቀናት ኦፕራሲዮን እንደማይሠራ ለጤና ጣቢያዎቹ፣ ለአምቡላንስ ሾፌሮቹና ለእናቶቹ አለመነገሩ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይህ ተነግሯችሁ ቢሆን የመጀመሪያ ወላድ የሆነችው ባለቤትዎ ገና ምጡ ሳይጠና ወደ ዞኑ ሆስፒታል ልትሄድ ትችል ነበር፤ አምስት ሰዓት ሙሉ በእጃችሁ ነበረ። የአንድ ሳምንት የተረኞች ዝርዝር በአንድ ወረቀት ተጽፎ በየሰኞው ለየጤና ጣቢያው ቢላክ በጀት አይጠይቅም። ሆስፒታሎች ይህን የሚያፍሩበት ነገር አድርገው ስለሚያዩት ይደብቁታል፤ መደበቁ ነው የሚገድለው።

ሁለት ነገር ማድረግ ይችላሉ። የመንግሥት ሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርድ አላቸው፤ ደብዳቤዎን ለቦርዱ በጽሑፍ ያስገቡ፣ ግልባጩንም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያድርጉ። እንዲሁም የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት እየተመረመረ ምክንያቱ የሚለይበትና እርምጃ የሚወሰድበት አሠራር በአገራችን አለ፤ ዓላማውም ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን ያው ሞት እንዳይደገም ነው። የልጃችሁ ሞት በዚህ አሠራር ተመርምሮ እንደሆነ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ጥያቄ

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ በአዲስ አበባ በሰፈሬ ጤና ጣቢያ እከታተላለሁ። እስካሁን ምንም ችግር የለብሽም ተብያለሁ። ነገር ግን ዘመዶቼ በሙሉ «ሆስፒታል ካልሆነ እንዳትወልጂ» ይሉኛል። በሌላ በኩል ጎረቤቴ እያማጠች ሁለት የመንግሥት ሆስፒታል ደርሳ አልጋ የለም ተብላ ተመልሳለች። ግራ ገብቶኛል።
*ሊወልዱ የተቃረቡ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ

የዘመዶችዎ ጭንቀት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ምክራቸው ግን ለሁሉም እናት የሚሆን አይደለም። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ፅንሱ በመቀመጫው የመጣባት ወይም የተጋደመባት፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባት፣ በእርግዝናዋ ደም የፈሰሳት፣ ቀደም ባለው ወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም ልጅ የሞተባት እናት ኦፕራሲዮንና ደም ባለበት ሆስፒታል መውለድ ይኖርባታል። ከእነዚህ አንዱም የሌለባት እናት ግን በጤና ጣቢያ፣ ፊቷን በሚያውቋት አዋላጆች እጅ፣ በደህና ልትገላገል ትችላለች። ከተከታታዮችዎ ጋር ይህን ዝርዝር አንድ በአንድ ይነጋገሩበት።

በከተማችን ያለው መጨናነቅ ምንጩ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጋንዲ መታሰቢያ፣ ዘውዲቱ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ የካቲት 12፣ ጥሩነሽ ቤጂንግና አበበች ጎበናን የመሳሰሉ ሆስፒታሎች የአዲስ አበባን ወላድ ብቻ ሳይሆን ከዙሪያዋ ከተሞች በሪፈር የሚላከውንም ይቀበላሉ። ችግር የሌለባት እናት የሆስፒታሉን አልጋ ስትይዝ፣ ደም እየፈሰሳት ከሩቅ የመጣችው ኮሪደር ላይ ትተኛለች። የባለሙያውም ክፍፍል ፍትሐዊ አይደለም፤ በ2008ቱ ዳሰሳ በአዲስ አበባ ከሚወልዱት እናቶች 21 በመቶ ያህሉ በኦፕራሲዮን ሲገላገሉ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ተገቢ ነው ያለው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነበር። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ሳያስፈልጋቸው የሚቀደዱ እናቶች እንዳሉ ሲጠቁም፣ ሌላው እያስፈለጋቸው የሚቀደድላቸው ሰው ያጡ እንዳሉ ይናገራል።

ስለ ጎረቤትዎ አንድ ነገር ልጨምር። የምታምጥን እናት «አልጋ የለም» ብሎ በር ላይ መመለስ ተገቢ አሠራር አይደለም። በመጀመሪያ መመርመር፣ ድንገተኛ ችግር ካለባት ማረጋጋት፣ ከዚያም የሆስፒታሉ ሊያዞን (ከሌሎች ተቋማት ጋር የሚያገናኘው) ክፍል ለሌላው ሆስፒታል ደውሎ ቦታ መኖሩን አረጋግጦ ከሪፈር ወረቀት ጋር መላክ ይገባል። እርስዎም ምናልባት ወደ ሌላ መላክ ቢያጋጥምዎ «የት ደወላችሁ? ማን ተቀበለ?» ብሎ ከመጠየቅ ወደ ኋላ አይበሉ። ለድንገተኛ ጉዳይ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ይቻላል፤ ቁጥሩን ከወዲሁ ለባለቤትዎና ለጎረቤት ያስይዙ።

ጥያቄ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለፈው ወር አዳር ተረኛ የነበርነው ሁለት ሆነን ሳለ፣ ባልደረባዬ አንዲት ደም የሚፈሳትን እናት ይዛ በአምቡላንስ ሄደች። እኔ ከስድስት ምጥ ላይ ካሉ እናቶች ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ከአስታማሚዎቹ አንዱ «እህቴን ዞር ብለሽ አላየሻትም» ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ። እውነቱን ነው፤ ለአርባ ደቂቃ ያህል አላየኋትም። ስድቡ ሳይሆን እውነት መሆኑ አሳመመኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?
*አዋላጅ፣ ከምሥራቅ ጎጃም*

መልስ

እኔም ለብዙ ዓመታት በማዋለጃ ክፍል አዳር ተረኛ ሆኜ ስለ ሠራሁ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። በዚያች ሌሊት ከእርስዎ ይጠበቅ የነበረውን ሥራ ለአንባቢዎቻችን በሰዓት ቆጥሬ ላሳያቸው፤ ያ አስታማሚም ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ምጧ የጠና እናት የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው ይደመጣል። በየ30 ደቂቃውም አዋላጇ እጇን በሆዷ ላይ አድርጋ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምታምጥና እያንዳንዱ ምን ያህል ሰከንድ እንደሚቆይ ትቆጥራለች። የልብ ምቱንና ጽሕፈቱን ትተን ይህን የምጥ ቆጠራ ብቻ ብንወስድ፣ ለስድስት እናት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ዙሩ ግን በየ30 ደቂቃው መደገም አለበት። ይህ በሰው ልጅ አቅም የማይቻል ነው። በዚህ መካከል አንዷ መግፋት ስትጀምር የልጇ ልብ በየ5 ደቂቃው መደመጥ አለበት፤ ልጁ እንደ ወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለእናቲቱ ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ ይወጋል፤ ልጁ ካላለቀሰ እጅ ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል፤ ከወለደች በኋላም ደሟና ማህፀኗ በየ15 ደቂቃው ይታያል፤ ምክንያቱም ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም አንዲትን ጤነኛ ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ለአርባ ደቂቃ አለማየትዎ የእርስዎ ግዴለሽነት ሳይሆን የምደባው ውጤት ነው፤ ይህን በሙሉ ልብ ነው የምጽፍልዎ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ ላሉት፣ ከልምዴ ሦስት ነገር አነሣለሁ። ባልደረባዎ አምቡላንስ ላይ ስትወጣ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተጠሪ ተረኛውን ሐኪም ወይም ኃላፊውን በስልክ ይጥሩ፤ ሰው ባይመጣ እንኳ መጥራትዎንና ሰዓቱን በርክክብ መዝገቡ ላይ ይጻፉት። «ከሌሊቱ 6 ሰዓት፤ ስድስት ምጥ፤ አንድ አዋላጅ» የሚል አንድ መስመር በየአዳሩ ቢጻፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከማንኛውም አቤቱታ የበለጠ ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛው የሚከብድ ነገር ነው፤ ያላዩትን እንዳዩ አድርገው ፓርቶግራፍ፣ ማለትም የምጥ መከታተያ ቅጹን፣ አይሙሉ። ብዙዎቻችን ሲነጋ ወረቀቱን በአንድ ብዕር ሞልተን እናውቃለን፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ እጸጸትበታለሁም። በወረቀት ላይ ሁሉም እናት በየ30 ደቂቃው ታይታለች ከተባለ፣ ተጨማሪ አዋላጅ ያስፈልጋል ብሎ ማን ያምናል? ሦስተኛው፣ እናቲቱ የመረጠችው አንድ የቤተሰብ ሰው አጠገቧ እንዲሆን መፍቀድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ይመክራል። እናቷ ወይም እህቷ ወገቧን እያሸች፣ «ማርያም ትፍታሽ» እያለች አጠገቧ ብትሆን፣ ደም ሲፈስ ወይም መግፋት ሲጀምር ቀድማ የምትጣራ ዐይን ሆነች ማለት ነው። ያ የሰደበዎትም ሰው ከውጭ በር ተዘግቶበት ጩኸት ብቻ ባይሰማ ኖሮ ምናልባት ያን ባላለ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ቢሆን እንኳ በመጋረጃ ከልሎ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ ያለፈው የእርስዎ ድርሻ አይደለም። በ2008ቱ ዳሰሳ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ 48 በመቶ ደርሰዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው «ቤት አትውለዱ» ብለው መክረዋል፤ እናቶችም ሰምተው መጥተዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ወላዱ በእጥፍ ሊሆን ምንም ሳይቀረው፣ በአንድ አዳር የሚመደበው አዋላጅ ስንት ጨመረ ብሎ የማይጠይቅ ኃላፊ እናቶቹን ጠርቶ ደጅ ላይ እንደ ተዋቸው ይቆጠራል። ደግሞም ዛሬ የአዋላጅ እጥረት አለ ሲባል የተማረ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ከኮሌጅ ተመርቀው፣ የብቃት ምዘናቸውን አልፈው ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱ አዋላጆች አሉ። የጠፋው የመቅጠሪያ በጀት ነው። በሥራ ላይ ያሉትም ቢሆኑ ደመወዛቸው ኑሮን መሸከም ስላቃተው፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሌሊት ብቻዋን የምትቀር አዋላጅ ያንን ጥያቄ የማንሣት መብት አላት ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ

ወሊድ በመንግሥት ተቋም ነፃ ነው ይባላል። ልጄ ስትወልድ ግን ጓንት፣ መርፌና ግሉኮስ ከውጭ ግዙ ተባልን፤ ደም ሲያስፈልጋትም «ሁለት ሰው አምጡና ይስጡ» አሉን። ነፃ የሚባለው ምኑ ነው?
*እናት፣ ከደሴ*

መልስ

የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት ከክፍያ ነፃ ከሆኑት አገልግሎቶች መካከል ናቸው፤ ስለዚህ ጓንትና መርፌ መግዛት አልነበረባችሁም። በአብዛኛው የሚሆነው ግን ተቋሙ ነፃ ለሚሰጠው አገልግሎት የሚተካለት ገንዘብ በወቅቱ ወይም በበቂው ስለማይደርሰው መጋዘኑ ባዶ ይሆናል፤ ባለሙያዋም ባዶ እጇን ከመቆም ይልቅ ከውጭ እንድትገዙ ትልካችኋለች። የገዛችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ይሂዱ።

ስለ ደሙ ግን የተለየ ነገር ልንገርዎ። ደም አይሸጥም፣ አይገዛምም። የደም ባንክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ፣ ደም በፈቃደኛ ለጋሾች እንዲሰበሰብ ነው የሚሠራው። ዘመድ አምጡ የሚባለው ክምችቱ ሲያልቅ ነው። የምጥ ሰዓት ደግሞ ለጋሽ የሚፈለግበት ሰዓት አይደለም፤ ከእርስዎ ቤት ጤነኛ የሆኑ ወጣቶች ማንም ሳይታመም በፊት ቢለግሱ ለአንዲት የማያውቋት ወላድ ይደርሳል።

ጥያቄ

ቤታችን ከመኪና መንገድ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ በቃሬዛ ተሸክመውኝ ነው የደረስኩት። አሁን ደግሞ ወሩ ሲገባ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ግቢ ይሉኛል። ልጄንና ከብቱን ለማን ትቼ? ደግሞስ እዚያ ሄጄ ምን አገኛለሁ?
*በጎረቤት ልጅ እጅ የተጻፈ፣ ከዋግ ኽምራ*

መልስ

እህቴ፣ በዚህ ዓምድ ከተጠየቅኩት ሁሉ ለመመለስ ያመነታሁት በእርስዎ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ልጅንና ከብትን ትቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከርቀት ሆኖ መምከር ቀላል ነው።

ማቆያው በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ከሩቅ የሚመጡ እናቶችን ከመውለጃቸው በፊት እያስጠጋ ቆይቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መንገዱን ማሳጠር ካልተቻለ እናቲቱ ምጥ ሳይመጣ መንገዱን ትጨርሰው። ምጥ ሲጓተት የሚመጣው ማህፀን መተርተርና ፌስቱላ (ሽንት ወይም ሰገራ ሳይቆም እንዲፈስ የሚያደርግ የውስጥ ቀዳዳ) በአብዛኛው የሩቅ መንገድ ጦስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ያከማቸው የግማሽ ምዕተ ዓመት ልምድ ይህንኑ ይመሰክራል፤ ሐምሊን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገጠር ልጃገረዶችን በአዋላጅነት እያሠለጠነ ወደየአካባቢያቸው የሚመልሰውም ሕመሙን ከምንጩ ለማድረቅ ነው። እርስዎም በመጀመሪያው ልጅዎ በቃሬዛ ደርሰዋልና፣ መግባቱን አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ባለቤትዎ ከብቱን፣ እናትዎ ወይም አማትዎ ልጁን እንዲይዙልዎ ከአሁኑ ይነጋገሩ፤ በአንዳንድ ማቆያ ትንሽ ልጅን ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ ይጠይቁ።

ነገር ግን ማቆያ ማለት ፍራሽ የተነጠፈበት ክፍል ብቻ ከሆነ ከቤትዎ የሚሻለው በመንገዱ ማጠር ብቻ ነው። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አራት ነገር ይጠይቁልኝ። ሌሊት በጤና ጣቢያው ውስጥ የምታድር አዋላጅ አለች ወይስ ከቤቷ ነው የምትጠራው? ማቆያው ውስጥ ያሉትን እናቶች በየቀኑ ደም ግፊት የሚለካና የልጁን ልብ የሚያዳምጥ አለ? ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ አምቡላንሱ ነዳጅ አለው፣ የሚሄድበትስ ሆስፒታል በዚያ ሳምንት ሰመመን ሰጪ አለው? ምግቡንስ ማን ያቀርባል፣ ማገዶና ድስት አለ ወይስ ከቤት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል? ብዙ ቦታ ሴቶቹ ራሳቸው ቡና እያፈሉ፣ ገንፎ እያገነፉ ይቆያሉ፤ ለዚህ ዱቄትና ቅቤ ይዘው ቢሄዱ አይጎዳዎትም። የቀድሞውን ወሊድ የሚገልጽ ወረቀት ካለዎት አይርሱት፤ ከሌለዎትም ስንት ሰዓት እንዳማጡና እንዴት እንደ ተገላገሉ ለአዋላጇ በመጀመሪያው ቀን ይንገሯት።